አንድ ወጥ በአንድ ጣሳ ገብስ

ስለ ጣሊያን ዘመን የሚጽፉ ሰዎች የሚጽፉት ስለ ጥይት ነው። ማን የት እንደ ተኮሰ፣ ማን በየትኛው ገደል እንደ ወረደ፣ ማን ማንን እንደ ከዳ። ዛሬ ሲያወሩ ብትሰማቸው ሁሉም ጀግና ነበር፤ ባንዳ የሚባለው ፍጥረት ከሰማይ ወርዶ ተመልሶ ያረገ ይመስልሃል። እኔ በዚያ ዘመን አንድም ጥይት አልተኮስኩም። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የአባቴ ርስት ላይ ተቀምጬ የወጥ አሠራር እጽፍ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ ነገሩ ግን እስከ መጨረሻው አያስቅም።

ሕመሙ የጀመረኝ አዲስ አበባ ነው። ከጦርነቱ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ፈረንሳይኛ አነብ ስለ ነበር፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲሸጡ እየሄድኩ መጻሕፍቱን አያለሁ። ሰው የሕግና የታሪክ መጽሐፍ ሲሻማ፣ ቅባት ያወየበውን የወጥ ቤት መጽሐፍ የሚነካው አልነበረም። የመጀመሪያውን የገዛሁት ስለ ረከሰ ነው። ሁለተኛውን የገዛሁት የመጀመሪያው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ከሦስተኛው በኋላ ምክንያት መፈለጌን ተውኩ። በዕድሜዬ ዕንቁላል እንኳ ቀቅዬ አላውቅም፤ ዓሣ በነጭ ወይን እንዴት እንደሚበስል፣ የዳክዬ ጉበት ስንት ቀን አርፎ እንደሚቀርብ ግን በቃሌ እወጣው ነበር። የሕግ መጽሐፍ ሰው ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ይነግርሃል። የታሪክ መጽሐፍ ያንኑ ይደግመዋል። የወጥ መጽሐፍ ግን ነገ ምሳ አለ ብሎ ያምናል። ከዚህ የበረታ እምነት በሌላ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም።

ጠላት ሲገባ ወደ መንዝ ስንሸሽ የነበረችን አንዲት በቅሎ ናት። ሚስቴ በርበሬና ጨው ይጫን አለች። እኔ ዘጠኝ መጻሕፍት በአቡጀዲ ጠቅልዬ በአንዱ ጎን ጫንኩ፤ ጨውና በርበሬው በሌላው ጎን ተጠጋግቶ ተጫነ።

«መንገድ ላይ ስንራብ የቱን ገጽ ነው የሚያበሉን?» አለችኝ።

አገር ቤት ገብቼም አልታረምኩም። በሁለተኛው ዓመት ገበያ ወጥቼ ሳለ፣ ከገበያው በላይ ባለው የጣሊያኖች ምሽግ ውስጥ የሚያበስል አንድ ሰው የጣሊያንኛ የወጥ መጽሐፍ ለሽያጭ ሲያዞር አገኘሁት። ጣሊያንኛ አላነብም፤ ከፈረንሳይኛው እየገመትኩ ግን የሽንኩርቱንና የቅቤውን ቦታ ለየሁ። አንድ የበግ ሙክት ሰጥቼ ወሰድኩት። መጽሐፉን ከለበስኩት የሱፍ ባና ሥር ደብቄ ስመለስ፣ አርበኞች ቢፈትሹኝ ባንዳ ብለው አንገቴን፣ ጣሊያኖች ቢፈትሹኝ ሌባ ብለው ያንኑ አንገቴን እንደሚወስዱት አውቅ ነበር። የፈራሁት ግን ዝናቡ ገጾቹን እንዳያረጥብብኝ ነው።

«ሙክቱን በወረቀት ለወጡት?» አለች ሚስቴ።

«ለወጥኩት።»

«እንግዲያው ለፋሲካ ወረቀቱን ይረዱልን።»

አሥሩን መጻሕፍት ደጋግሜ ሳገላብጥ አንድ ነገር እንደሌለ ታየኝ፤ የራሳችን ወጥ። ስለ ፈረንጅ ድንች ሰላሳ ገጽ አለኝ፤ ስለ ምንቸት አብሽ አንድ መስመር የለኝም። ሰብሳቢ የጎደለውን ካየ እንቅልፍ የለውም። እዚያው መንደራችን ውስጥ ደግሞ አንዲት ባለሙያ አሮጊት ነበሩ።

እኒህ ሴት ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ መኮንን ግቢ የፍስክ ወጥ ሲሠሩ፣ ኋላም የወጥ ቤቱን ሴቶች ሲያዙ የኖሩ ናቸው። ሰንጋ ተጥሎ አገር የሚበላበትን ድግስ ያለ ወረቀት፣ በዓይናቸው ብቻ ይመሩት ነበር ይባላል። አንድ ልጃቸው ጫካ ገባ። በዚህ ምክንያት ወታደር መጥቶ ቤታቸውን አቃጠለ፤ ሁለቱን ላሞቻቸውን ነዳ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጎረቤት የጥጃ ቤት ውስጥ ተጠግተው ይኖራሉ። በዚያ ዓመት ገብሱ ሲያሽት የሠራዊት ፈረስ ገብቶበት ስለ ነበር መንደሩ ሁሉ ተርቧል። እኛ ግን አባቴ ከጦርነቱ በፊት ከቤቱ ወለል ሥር ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ማንም የማያውቀው ገብስ ነበረን።

ሚስቴ ለሴትዮዋ አንድ ቁና ዱቄት ላከች። ዱቄቱ እንደ ተላከ ተመለሰ። «ሰው ሳበላ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መለመን በስተርጅና አልማርም» ብለዋል።

ያን ጊዜ ነው ውሉን ያመጣሁት፦ አንድ ወጥ ይነግሩኛል፣ አንድ ጣሳ ገብስ ይወስዳሉ። ሥራ ነው፤ ልመና አይደለም። ጣሳው ከምሽጉ የተጣለ የቲማቲም ሳልሳ ጣሳ ነበር። ሰዎች ይህን ርኅራኄ ሊሉት ይፈልጋሉ። አልነበረም። ስስት ነው፤ ያ ሁሉ ወጥ ሳይጻፍ ከአንድ ሰው ጋር እንዳይቀበር ስስት። ርኅራኄውን ሚስቴ በቁና ሞክራው ነበር።

ጠዋት ጠዋት እየመጡ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፊት ይቀመጣሉ። እጃቸው ሱፍ ይፈትላል፤ አፋቸው ወጥ ይሠራል። እኔ ደግሞ አውሮፕላን በሚበትነው የጣሊያን አዋጅ ጀርባ ላይ፣ ቄሶቹ በሚበጠብጡት የጥላሸት ቀለም እጽፋለሁ።

«ሽንኩርቱ ምን ያህል ይሁን፣ እማማ?»

«እንደ ዶሮዋ።»

«ዶሮዋስ?»

«እንደ እንግዳው።»

«እንግዳውን እኔ በምን አውቀዋለሁ? የምጽፈው እኮ መጽሐፍ ነው።»

«እንግዳውን ሳታውቅ ነው የምታበስለው? ይሄ ነው እንግዲህ ትምህርትህ።»

እንዲህ እየተናከስን ዶሮውን፣ ቅቅሉን፣ ዱለቱን፣ የቋንጣውን ወጥ ጨረስን። ምንቸት አብሹን አጋምሰን ሳለ ቅበላ መጣ። በማግሥቱ ሰኞ መጥተው ተቀመጡ፤ እንዝርታቸውን አወጡ። ብዕሬን ነከርኩ።

«ቅቤው ላይ ነበር ያቆምነው» አልኩ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሰኞ።»

«የምን ሰኞ?»

«የሁዳዴ።»

«ታዲያ በሁዳዴ ሰኞ ቅቤ እንድጠራልህ ነው?»

መብላት እንጂ መናገር አልተከለከለም ብዬ ተከራከርኩ። ክርክር እወዳለሁ፤ በተለይ የማሸንፍ ሲመስለኝ። በየትኛው ቀኖና ተጽፏል አልኳቸው።

«አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ። እኔ ሁዳዴ አውቃለሁ» አሉኝ። «ስለ ቅቤ ሳወራ አፌ ምራቅ ይሞላል። ያንን ምራቅ ከዋጥኩት ፈሰክሁ ማለት ነው። የፍስኩን ለፋሲካ እናቆየው፤ የጾሙን ጻፍ።»

የጾሙን ጻፍኩ። ስልጆውን፣ እልበቱን፣ የሱፉን፣ የተልባውን፣ የሽምብራ ዓሣውን። ግን በዚያ ግቢ የጾሙ ምድጃ የሌላ ሴት ስለ ነበር የሚያውቁት ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ተሟጠጠ። በምኩራብ ሳምንት ሽሮን በሦስት ስም ነገሩኝ፤ አወቅሁባቸው፣ ግን ስሞቹ ደስ ስላሉኝ ጻፍኩ። በመፃጉዕ ሳምንት አንድ ጠዋት መጡ። ከወትሮው ዘግይተው ነው የደረሱት፤ ዳገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ሲቀመጡ አይቻለሁ።

«የሳማ ወጥ» አሉ።

«የምን?»

«የሳማ። ለጋ ለጋውን በጨርቅ ይዘህ ትቆርጣለህ። የፈላ ውኃ ውስጥ ስትነክረው መለብለቡን ይተዋል። ከዚያ ታደቀዋለህ። አንድ ጭብጥ የገብስ ዱቄት ካለህ ትበትንበታለህ፤ ከሌለህ ትተወዋለህ። ጨው ካለህ...»

«ከሌለኝ እተወዋለሁ።»

«አዎ።»

«ይሄ በጌታው ግቢ ይቀርብ ነበር?»

እንዝርቱን አሾሩት። «ለጳጳሱ ነበር የሚቀርበው» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

ሳቅሁ። «ጳጳሱ ምን በድለው ነው ሳማ የሚበሉት?» ብዕሬን አስቀመጥኩ። «እማማ፣ ይህን የፈጠሩት ነው። እኔ የምሰበስበው እውነተኛውን ነው።»

እንደ ወትሮው ተሞልቶ የሚጠብቃቸውን ጣሳ አዩት። ከዚያ ሱፋቸውን በእንዝርቱ ላይ ጠቅልለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«አይቀየሙኝ» አልኩ። «አንድ ስልቻ ገብስ ለይቼ አስቀምጥልዎታለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ከቅቤው እንቀጥላለን።»

«እግዜር ያድርሰን» አሉ። ጣሳውን አልነኩትም።

ሚስቴ ከጓዳ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። «ለምን አልጻፉትም?»

«ውሸት ነው።»

«ታዲያ? አሥሩ መጽሐፍ ውስጥ ያለው እውነት መሆኑን ማን ነገረዎት? ዳክዬውን ቀምሰውታል?»

«ስብስብ ሕግ አለው።»

«ሳማም ቢሉ አፈርም ቢሉ፣ ጽፈው ጣሳውን ቢሰጧቸው ምን ነበረበት?»

መልስ ነበረኝ፤ ረዥም መልስ። ያን ጊዜ ጥሩ መስሎኝ ነበር፣ ዛሬ አላስታውሰውም። ሚስቴ በማግሥቱ ዱቄት ላከች፤ ከምስጋና ጋር ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ይዛ ሄደች። ይዛ ተመለሰች።

እኔ አልሄድኩም። ወረቀቶቹን በየዓይነቱ እየለየሁ፣ ንጹሕ ቅጂ እየገለበጥኩ፣ ለፍስኩ ክፍል ባዶ ገጽ እየተውኩ ተጠመድኩ። ስልቻውንም ቃሌን ጠብቄ ለየሁት፤ አፉን በጠፍር አስሬ ከመጻሕፍቱ አጠገብ አቆምኩት። አኩርፈዋል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይመጣሉ አልኩ። ኩርፊያ ሰው አይገድልም።

በሁለተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ቤተ ክርስቲያን አልታዩም። ሰኞ ጠዋት ጎረቤትየዋ መጥታ ለሚስቴ ነገረቻት። ሁለቱ ሴቶች ሊያጥቡና ሊገንዙ ገቡ፤ እኔ እስኪጠሩኝ የጥጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቆየሁ። ስገባ ጉልቻው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አለች። ውስጧ የነበረው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ዞሮ ደርቋል። ጣቴን አስገብቼ ቀመስኩ። በደንብ የታደቀ ሳማ ነው፤ መለብለቡን ትቷል። ዱቄት አልተበተነበትም። ጨው የለውም። ከነገሩኝ ወጥ ሁሉ ቀምሼ ያረጋገጥኩት እርሱን ብቻ ነው።

ዛሬ ቤቴ ከመቶ የሚበልጡ የወጥ መጻሕፍት አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ እያሳየሁ እኮራለሁ። እሳቸው የነገሩኝም በአንድ ጥራዝ ተሰፍቷል። የጻፍኩትን አብዛኛውን ሳልከፍት አላስታውሰውም። ያልጻፍኩትን ግን ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

የቀበርናቸው በዚያው ሰኞ ዕለት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው። ለቀብር ንፍሮ መቀቀል የአገሩ ወግ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ብዙ ሰው ያለ ንፍሮ ይቀበር ስለ ነበር ማንም አልጠበቀም። ሚስቴ እኔን ሳትጠይቅ የስልቻውን ጠፍር ፈታችው። ገብሱን በሁለት ትልልቅ ድስት ቀቀለችው። ወሬው እንዴት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ሃያ የማንሞላ ሰዎች፣ አፈር ሲመለስ ደጀ ሰላሙን ሞላነው። ከማዶ መንደር የመጡ ነበሩ፤ ሟቿን በስም እንኳ የማያውቁ። ሙሾ የሚያወርድ አልነበረም። በየሰፌዱ ዙሪያ ቁጭ ብለው በሉ።

«ባለሙያ ነበሩ» አለ አንድ ሽማግሌ፣ እጁን እየዘረጋ። «ሞተውም ሰው አበሉ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ቄሱ፤ እሳቸውም ይበሉ ነበር።

ሚስቴ ሰፌድ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይብሉ እንጂ» አለችኝ። «ለፋሲካ ያስቀመጡት ነው።»

በላሁ። ርቦኝ ነበር።