አምስቱ ክሮች

ልጅ እያለሁ ወንዙ በር አልነበረውም። ከቤታችን ጓሮ የሚጀምረውን ቀጭን መንገድ ይዞ፣ ባሕር ዛፎቹን አልፎ፣ ቁልቁል መንደርደር ብቻ ነበር። አሁን በር አለው። በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ይቆማል፤ ከበሩ ወዲያ ንጹሕ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ወንዙን ተከትሎ ይጠማዘዛል። አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ የመብራት ምሰሶዎች አሉ፣ «ወደ ውሃው መውረድ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም አለ። ባለፈው ቅዳሜ ከእትዬ ዘነበች ጋር በዚህ በር ስገባ፣ ቦርሳዬ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ የክር አምባር ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላሳየሁት አምባር ነው።

እትዬ ዘነበች ሽሮ ሜዳ ሳለን የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን የሚተዳደሩት ጋቢ በማጠብ ነው። ጋቢ ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ሸሚዝ በሳፋ ተነክሮ አያልቅም። ውሃ ሲጠጣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ አይነሳም፤ በብዙ ውሃ ካልታጠበም እንዶዱ አይለቀውም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ጋቢውን ለእትዬ ዘነበች ይሰጣል፤ እሳቸው ደግሞ ተሸክመው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ውሃው እዚያ፣ ከእንጦጦ እንደ ወረደ፣ ገና ከከተማው ቆሻሻ ጋር ሳይተዋወቅ ነበር የምናገኘው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስለምትውል እኔን ለእሳቸው ትሰጠኝ ነበር። «ይቺን ልጅ ይዘውልኝ ይዋሉ፣ አፍ የላትም፣ አታስቸግርዎትም» ትላቸዋለች። እውነትም አፍ አልነበረኝም። እንግዳ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳን የቀሚሴን ጫፍ ነበር የማኝከው።

እያንዳንዷ አጣቢ የራሷ ድንጋይ ነበራት፤ የአንዷ ድንጋይ ላይ ሌላዋ አትቀመጥም። የእትዬ ዘነበች መሐሉ የጎደጎደ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የተወቀጠውን እንዶድ ሲበጠብጡት አረፋው ይነሳል፤ ሽታው አፍንጫዬን ይኮረኩረኝና አስነጥሳለሁ። «ይማርሽ!» ይላሉ። እንደገና አስነጥሳለሁ። «አሁንስ በዛ፣ እራስሽ ማሪ!» ይሉኝና ይስቃሉ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጋቢውን በእግራቸው ይረግጡታል፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ከጎናቸው እረግጣለሁ።

«እንደ ዶሮ አትርገጪ ሚጡ፣ ጋቢው አያመውም!»

መጭመቁ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን በተቃራኒ እንጠመዝዘዋለን፤ ግን የእሳቸው ክንድ ስለሚበረታ ሁልጊዜ ከጋቢው ጋር አብሬ የምዞረው እኔ ነኝ። ሣሩ ላይ ከተሰጣ በኋላ የእኔ ተራ ይመጣል። ፍየል እንዳይረግጠው፣ ነፋስ እንዳይገለብጠው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የሳሙናም የሣርም ያልሆነ፣ ፀሐይ የነካው ጥጥ ብቻ ያለው ሽታ አለ። እስከ ዛሬ የትም ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ጋቢ ሁሉ ነጭ ነው። ከአምስት ቤት የመጣ ጋቢ አንድ ላይ ከተሰጣ የማን የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እትዬ ዘነበች ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ጋቢውን ከባለቤቱ ሲቀበሉ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ከጫፉ ዘርፍ ባለ ቀለም ክር ያስሩበታል። ክሩን ሸማኔዎቹ ጥለት ሠርተው ሲጨርሱ ከሚጥሉት ቁርጥራጭ ነው የሚለቅሙት። የእኛ ቤት ሰማያዊ ነበር። የእትዬ አስካለ ቀይ፣ የሾፌሩ ቤት አረንጓዴ፣ የመምህሩ ቢጫ፣ የዳቦ ቤቱ ሐምራዊ። እትዬ ዘነበች ፊደል አልቆጠሩም፤ ደብተራቸው እነዚያ ክሮች ነበሩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በትምህርት ቤታችን የክር አምባር መጣ። ሴቶቹ ሁሉ በእጃቸው የተጎነጎነ ክር ያደርጉ ጀመር። የገመድ ዝላዩን የምትመራው ልጅ አንድ ቀን ድንገት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንቺም አምስት ቀለም ካለሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ። ያን ዓመት ሙሉ በእረፍት ሰዓት ከግንቡ ጥግ ቆሜ ሌሎች ሲዘሉ ሳይ ለከረምኩት ለእኔ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ለፋሲካ ሁሉም ጋቢውን ስለሚያሳጥብ እትዬ ዘነበች የአምስቱንም ቤት አንድ ላይ ይዘው ወረዱ። ጋቢዎቹን ሣሩ ላይ በተራ ዘርግተን እሳቸው እግራቸውን ሊታጠቡ ወደ ውሃው ሲመለሱ፣ እኔ ክሮቹን አየሁ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ። ልክ አምስት። ወደ ወንዙ ዞሬ አየሁ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ጋቢዎቹ በተራ ተዘርግተዋል፤ እትዬ ዘነበች በቦታቸው ይለዩዋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ለነገሩ እሳቸው ጋቢን እንደ ልጅ ነበር የሚያውቁት። አንድ በአንድ ፈታኋቸውና ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ እንጦጦ ጠቆረ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወድቁ ከላይ ከታች ጩኸት ሆነ፤ «አንሺ! አንሺ!» እየተባባሉ ሴቶቹ ሁሉ ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እትዬ ዘነበች ከሩቅ እየሮጡ መጥተው አምስቱንም አፈፍ አድርገው ባንድ ላይ ጠቀለሏቸው። ተራው ፈረሰ። እኔ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ኪሴን በእጄ ይዤ ነበር።

ቤታቸው ገብተን ጥቅሉን አልጋው ላይ ፈቱት። አንዱን ጫፍ አነሱ፣ አገላበጡት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ፊታቸው እየተለወጠ ሄደ። ከዚያ እጃቸውን አዩ፤ ልክ ጥፋቱን የሠራው እጃቸው ይመስል።

«አስሬ ነበር እኮ... አላሰርኩም እንዴ?» አሉ ለራሳቸው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «ሚጡ፣ ጠዋት አብረሽኝ ነበርሽ። ሳስር አይተሽኛል አይደል?»

አይቻለሁ። በየደጃፉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ቀዩን ክር አውጥቼ ያቀበልኳቸውም እኔ ነኝ።

«እንጃ» አልኩ።

ሦስቱን ጋቢ በስፋቱና በእርጅናው ለዩት። የሾፌሩና የእትዬ አስካለ ግን አንድ ዓይነት ነበሩ፤ በግምት ሰጧቸው። ሾፌሩ በማግስቱ አገር ቤት ይሄድ ስለነበር ጋቢውን ለአባቱ ይዞ ሄደ። እትዬ አስካለ ደግሞ የእሳቸውን የዘረጉት ለፋሲካ ነው። ያ ጋቢ የሟች ባለቤታቸው ነበር። ጠርዙ አጠገብ በመርፌ የደፈኑት፣ ከእሳቸው በቀር ማንም የማያስተውለው ትንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ በዚህኛው ላይ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት።

እትዬ ዘነበች ቤት የመጡበት ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። «ዘነበች፣ እኔ ጨርቅ አይደለም የሰጠሁሽ! ክር ማሰር አቃተሽ?»

እትዬ ዘነበች በሌላ ጊዜ መልስ የሚቸግራቸው ሰው አልነበሩም። ያን ቀን ግን፣ «ያሰርኩ መስሎኝ ነበር» ብቻ አሉ። ሾፌሩ ሲመለስ ተጠየቀ፤ አባቱ ጋቢውን ለሌላ ዘመድ ሰጥተውታል፤ በዚያው ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ አንዳቸው የሌላቸውን ደጃፍ አልረገጡም።

አምባሩን ግን ገና በሆሳዕና ማግስት፣ ሰኞ፣ ጎንጉኜ ትምህርት ቤት አድርጌው ነበር። ገመድ ዝላዩም ውስጥ ገባሁ። አንድ ቀን ዘለልኩ፤ ማታ ፈትቼ የእርሳስ ሣጥኔ ውስጥ ደበቅሁት።

እትዬ ዘነበች ከዚያ በኋላ ከአንድ ቤት በላይ ጋቢ ተቀብለው አያውቁም። «ይቺ ራሴ አትታመንም» ይሉ ነበር። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፤ ቆይቶ ግን ልማድ ሆነ። ጨው ጨምረው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ይቀምሳሉ፤ በር ቆልፈው ተመልሰው ይነካሉ። አብሬያቸው በተቀመጥኩ ቁጥር ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ሰፈር ቀየርን። ቃሉ እዚያው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ደወለችልኝ። «እማዬ አዲሱን የወንዝ ዳር መናፈሻ ካላየሁ ብላ አስቸገረችኝ። ቅዳሜ ይዘሻት ትሄጃለሽ? ግን እጇን አትልቀቂ፣ መርሳት ጀምራለች። ባለፈው የቤቱን ቁልፍ የት እንዳደረገችው ጠፋባት።» ስልኩን ዘግቼ የድሮ ደብተሮቼና የእርሳስ ሣጥኔ ያሉበትን ካርቶን አወረድኩ።

በሩ አጠገብ ሰሌዳ ቆሟል። እትዬ ዘነበች ከዘራቸውን ወደ ሰሌዳው ቀስረው፣ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ቦታው ታሪካዊ ነው ይላል። በድሮ ዘመን ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው እዚህ ያርፍ ነበር ይላል።»

«ስለ እኛስ?»

«ስለ እናንተ አልጻፉም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ታሪካዊ ያሉት?» ብለው ስቀው አለፉ።

ድንጋያቸው አለ። መንገዱ አጠገቡ ታጥፎ ያልፋል። አንዲት ልጅ ላዩ ላይ ተቀምጣ ጓደኛዋ ፎቶ ያነሳታል። እትዬ ዘነበች ፊቷ ቆሙ። «ልጄ፣ ሥራዬ ላይ ነው የተቀመጥሽው» አሏት።

ልጅቷ ደንግጣ ተነሳች። «ይቅርታ እማማ፣ ቦታ ይዘው ነበር?»

«አዎ፣ ከአርባ ዓመት በፊት!»

ሲቀመጡ የድንጋዩን ጉድጓድ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ደርቋል፣ አንድ የከረሜላ ወረቀት ገብቶበታል። ወረቀቱን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ያኔ ነው አሁን ካልነገርኳቸው መቼም አልነግራቸውም ያልኩት። ቦርሳዬን ከፍቼ አምባሩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ቀለሙ ደብዝዟል። ጣታቸው ግን ክሩን እየለየ ሄደ። «ይሄ ሰማያዊ የእናንተ ነው። ቢጫው የመምህሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሐምራዊ... የዳቦ ቤቱ። አረንጓዴው ያ ሾፌር።» ቀዩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ይሄ የአስካለ ነው። ከየት አገኘሽው?»

ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ፣ ከገመድ ዝላዩ ጀምሬ እስከ «እንጃ» ድረስ። ስጨርስ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እና አስሬ ነበር?» አሉ።

«አስረው ነበር።»

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም።»

«አይተሽኛል?»

«አይቻለሁ፣ እትዬ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ጭኔን እንደ ሕፃን ቆነጠጡኝ፤ አመመኝም። «አንቺ ልጅ! ይሄን ሁሉ ዓመት ራሴን ስጠረጥር! በር ቆልፌ ስመለስ፣ ወጥ ሁለት ጊዜ ስቀምስ! አንዲት ቃል እኮ ነው የጠየቅሁሽ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

አደረግሁ አላሉኝም። አምባሩን ጡታቸው ሥር ከተቱትና ከዘራቸውን አነሱ። «ተነሽ።»

«ወዴት?»

«አስካለ ቤት። ከዚያ ደግሞ ልጄ ቤት። ቁልፉን ያጠፋችው ራሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም!»

በንጣፉ መንገድ ወደ ላይ ስንወጣ ዙሪያዬን አየሁ። ባሕር ዛፎቹ ቀንሰዋል፤ ሣሩ ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ ሕፃናት ንጹሕ ጫማ አድርገው ከወላጆቻቸው ጋር ይሄዳሉ። ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ግን የትም ነጭ የተዘረጋ ነገር የለም፤ የእንዶድ ሽታ የለም፤ ዝናብ ቢመጣ «አንሺ!» ብላ የምትጮህ ሴት አትኖርም። ያኔ በዚህ ዳገት ስንወጣ እሳቸው አምስት ጋቢ ተሸክመው እኔ ነበርኩ የማለከልከው። አሁን እጃቸውን እንዳልለቅ አደራ ተብዬ ነበር፤ አጥብቀው የያዙት ግን እሳቸው ናቸው፤ የማመልጥ መስሏቸው።

የእትዬ አስካለ የቆርቆሮ በር እዚያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። እትዬ ዘነበች በከዘራቸው ደበደቡት።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ያረጀ ድምፅ።

«ዘነበች ነኝ! ክፈቺ፣ ምስክር ይዤ መጥቻለሁ!»

ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ፤ መቀርቀሪያው ተንቋቋ። የቀሚሴ ጫፍ እጄ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። በሩ ሲከፈት እትዬ ዘነበች ከኋላ ገፋ አደረጉኝ፤ እኔም ለቀቅሁት።

«አስረው ነበር» አልኩ። «አይቻለሁ።»