ዳገቱ ላይ ያለው ኔትወርክ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሁለቴ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሌላ ትንንሹን ኃጢአት ዘርዝሬ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ባሌ ለሚ ለመሠረታዊ ውትድርና ሥልጠና ሲሄድ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት መሀል አዲስ አበባ ነው። እሱ ደግሞ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ወዲህ ባለው የቤተሰቡ ግቢ፣ ከእናቱ ጋር ትቶኝ ሄደ። ጎረቤቱ በኦሮምኛ ሲጫወት እኔ ፈገግ እያልኩ እቀመጣለሁ። የለሚን ንጹሕ ሸሚዝ አውጥቼ እንደገና አጥባለሁ። ሰው መሀል ተቀምጬ እንደዚያ ብቸኛ የሆንኩበት ጊዜ የለም።

ሠልጣኞች ስልካቸውን አስረክበው ነው የሚገቡት። ለሚ የሚደውለው እሑድ ከሰዓት፣ በተራ በሚሰጣቸው ስልክ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለእነዚያ ደቂቃዎች ነበር። በመጀመሪያው እሑድ እናቱ እማማ ጫልቱ ስልኩን ተቀበሉኝ። የላሟን መውለድ፣ የአጎቱን ጤና ሲያወሩለት ሰዓቱ አለቀ። እኔ "ሃሎ" እንኳ አላልኩም። ተናደድኩ። አዎ፣ ልጃቸው በናፈቃቸው አሮጊት ተናደድኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዋሸሁ። "እማማ፣ እዚህ ኔትወርክ ጠፍቷል፤ ዳገቱ ላይ ነው የሚሠራው" አልኳቸው። ጉልበታቸው ዳገት እንደማይችል አውቅ ነበር። በኔትወርክ ደግሞ የዋሸ ሰው ማን ይጠረጥረዋል? ለለሚ "እማማ ቤተክርስቲያን ሄደዋል" አልኩት። ስንት እሑድ እንዲህ አደረግሁ? ሁሉንም።

አንድ እሑድ፣ ዳገቱ ላይ ሆኜ ሳወራ፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል ምርኩዛቸውን ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ቆመው ይተነፍሳሉ። ለሚ ጆሮዬ ላይ ነው። ምን እያወራሁት ነበር? ስለ መጋረጃ! "እናትህ እየመጡ ነው፣ ጠብቅ" ማለት ያን ያህል ከባድ ነበር? ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ገና ጊዜ ነበረው፤ "ቻው" ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ዘጋ እንዴ?" አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ነው።

"አሁን ተቋረጠ። ሰላምታ ልኮልዎታል።"

"ድምፁ እንዴት ነው? አልከሳም?"

"ደህና ነው እማማ።"

"እሰይ" አሉ። ክንዳቸውን ደግፌ ሳወርዳቸው እስከ ግቢው በር ድረስ መረቁኝ።

ሥልጠናው ሳያልቅ፣ የሦስት ቀን ሕመም ወሰዳቸው። ከዚያች ከመጀመሪያዋ እሑድ ወዲህ የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ሄዱ። ከቀብሩም በኋላ ለሚ ሲደውል ያንኑ "ቤተክርስቲያን ሄደዋል" አልኩት። ሐዘን በስልክ አይረዳምና ዘመድ ሁሉ "ብልህ ሴት ነሽ" አለኝ። ተመርቆ ሲመጣ አጎቱ ቤት አሳድረው፣ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ አረዱት።

ዛሬ ለሚ ለሰው ሲያወራ፣ "ከመጀመሪያው እሑድ በቀር በደወልኩ ቁጥር እናቴ ቤተክርስቲያን ነበረች፤ በሰላም የመለሰኝ ጸሎቷ ነው" ይላል። ከዚያ እንድመሰክርለት ወደኔ ዞር ይላል። እኔም "አዎ" እላለሁ።

ብቸኝነት ነው ልበል? እሳቸውስ ብቻቸውን አልነበሩም? እኔ ለሚን ያወቅሁት ትናንት ነው፤ እሳቸው ወልደው አሳድገውታል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩት ለሱ አዝኜ፣ ያችን መጽናኛውን እንዳልነጥቀው ብዬ ነው እላለሁ። እሱም ውሸት ነው። ብነግረው የሚያናግረኝ አይመስለኝም። ዛሬም ድምፁን ለብቻዬ ነው የምፈልገው።