ኃይሉ የተኛበት፣ እኔ ያልተኛሁበት ማደንዘዣ

መጀመሪያ የተሰማኝ ከቀኝ ጎድኔ በታች የሚይዝ ቁርጠት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር፤ ቅባት በበላሁ ቁጥር እስከ ትከሻዬ ይወጋኛል። ጨጓራ ነው ብዬ ተውኩት። ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ይወጣል አሉኝ። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው።

ማደንዘዣ ሰጡኝ። ተኛሁ። ከዚያ ነቃሁ።

ዓይኔ አልገለጥ አለ። ጣቴ እምቢ አለ። ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ። አንዱ ስለ ወጥ ቤቱ ቀለም ያወራል። ሌላው ይስቃል። ቢላው ሆዴ ላይ ነው። ልጩህ አልኩ። ድምፅ የለም። ሞቻለሁ አልኩ። የሞተ ሰው አያመውም። እኔን አመመኝ።

በኋላ እንደገባኝ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ ጡንቻን ያስራል፤ ሌላው፣ ጋዙ፣ ያስተኛል። እኔ ዘንድ ማሰሪያው ሠርቷል። የሚያስተኛው ጋዝ ግን ከማሽኑ መያዣ ውስጥ አልቆ ማንም ልብ አላለውም።

በማግሥቱ ማደንዘዣ የሰጠኝ ሐኪም አልጋዬ ግርጌ ቆሞ፣ «እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

እኛ ዘንድ ሰው እያጣጣረም ቢሆን መጀመሪያ ያመሰግናል። ጠያቂው ይደግማል፣ ይሰልሳል፤ ሕመሙ የሚወራው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰውዬው በመጀመሪያዋ ምስጋና ፈገግ ብሎ ሄደ።

አጠገቤ የተኛው ኃይሉ የሚባል ከካምደን ሰፈር የመጣ ወጣት ነበር። በዚያው ቀን፣ ያው ሐኪም አስተኝቶት ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለታል። «ቁጠር አለኝ፣ ሦስት ላይ ጠፋሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም» እያለ ለጠያቂዎቹ ያወራል። የእኔን ስነግረው ሳቀ።

«ቃዥተው ነው ጋሼ። ሬሳ የራሱን ለቅሶ ይሰማል እንዴ?»

ጠያቂዎቹም ሳቁ። ኃይሉ ተማሪ ነው፤ በትምህርቱ አልቀናሁበትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከሰው ኋላ መሆን ለምጄዋለሁ። በእንቅልፉ ግን ቀናሁበት። ለምን እሱ? ያቺ ጋዝ ለምን ለእሱ ደርሳ ለእኔ አለቀች?

ቤቴ ገብቼ ተቀምጬ መተኛት ጀመርኩ። ጋደም ስል ያ ቱቦ ይመጣብኛል። ወደ ዌምብሊ በሚሄደው ባቡር ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚያንቀላፋ ሰው ሳይ ነቅንቄ ልቀሰቅሰው ያምረኝ ነበር።

ጠበቃ ይዤ ካሳ ይከፈለኝ ብዬ ክሌም አደረግሁ። የሐኪሙ ኢንሹራንስ «በማግሥቱ ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ተከራከረ። ክፍሉ ውስጥ የነበረች ነርስ ጋዙ አልቆ እንደነበር ባትመሰክር ኖሮ እብድ ተብዬ እቀር ነበር። ጥፋቱን አመኑ፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

ሆዴ ግን አልተዘጋም። ስፌቱ ላይ ሄርኒያ ወጣ፤ አንጀቴ በላላው በኩል እየገፋ ያብጣል። ካልተሠራ አንጀቱ ታንቆ ሊገድልህ ይችላል አሉኝ። ይግደለኝ አልኩ። ሁለተኛ ለማደንዘዣ አልተኛም።

እንዲህ እያለሁ አንዲት የማደንዘዣ ሐኪም በጠበቃዬ በኩል ልታገኘኝ ጠየቀች። ሥራዋ የተዘጉ ክሶችን ከኢንሹራንስ እየወሰደች ማጥናት ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

«አንድ ሆስፒታል የሚያየው የራሱን አደጋ ብቻ ነው» አለችኝ። «ኢንሹራንሱ ዘንድ ግን የሁሉም አንድ ላይ ተቀምጧል። የማነበው ማን እንዳጠፋ ለማወቅ አይደለም፤ የሚደጋገመው ምን እንደሆነ ለማየት ነው።»

«እንግዲህ እኔ ታርጄ ሌላው በሰላም ሊተኛ ነው?»

«አዎ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸነግለኝ ነበር። ለዚህ ነው ያመንኳት።

ለምን ደህና ነኝ እንዳልኩ ጠየቀችኝ። የሰላምታችንን ነገር አስረዳኋት። «በማግሥቱ ደህና ነኝ ያለ ሰው ሌሎቹም ክሶች ውስጥ አለ» አለች። «የሁሉም ምክንያት የእርስዎ አይደለም፤ አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይፈራል። እንዴት ነዎት የሚለው ጥያቄያችን ግን ለሁሉም አይሆንም።»

ሄርኒያውን እሷ ራሷ አስተኝታኝ እንዲሠራ ተስማማሁ። ከመተኛቴ በፊት ማሽኑን አሳየችኝ፤ ከሳንባዬ የሚወጣውን ያንን የሚያስተኛ ጋዝ ይለካል፣ ሲያንስ ይጮኻል። «ይህን ድምፅ ማንም አያጠፋውም» አለች። እጄን ለመርፌው ሰጠኋት።

ስነቃ አጠገቤ ነበረች። እንዴት ነዎት አላለችኝም።

«ከመተኛትዎ በፊት መጨረሻ ላይ የሚያስታውሱት ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ፊት።»

«ሲነቁስ መጀመሪያ?»

«ይኸው፣ አሁን።»

«በመካከሉስ?»

ፈለግሁ። ምንም የለም። «ምንም» ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ኃይሉ በነፃ ያገኛትን ያቺን ምንም እኔም በመጨረሻ አገኘኋት።

ዛሬ ተጋድሜ እተኛለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። ያቺን ነርስና ያቺን ሐኪም እግዚአብሔር ይባርክልኝ። ማደንዘዣ የሚጠብቃችሁ ሁሉ፣ አትፍሩ፤ የእኔ ዓይነቱ ነገር ብዙ ጊዜ አይደርስም። ከደረሰባችሁ ግን በዚያው ቀን ተናገሩ። ቅዠት ነው ቢሏችሁ የሰማችሁትን ቃል በቃል ንገሯቸው። ምስጋናው ለእግዚአብሔር፣ ሕመሙ ለሐኪሙ ይነገር። ዶክተሯ የእኔን ጉዳይ ለተማሪዎቿ ታስተምርበታለች፤ በዚያ ምክንያት በሰላም የሚተኛ ሰው ይኖራል፣ ስሜንም አያውቅም። እቀናበታለሁ፣ አልዋሽም። ቢሆንም ይተኛ።