በዓረብኛ የሰማሁት መርዶ

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካርቱም፣ ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት... ሳሎን ውስጥ ሻይ እየቀዳሁ ነው።

ሪያድ የሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥሬ እዚያው ነበር የምኖረው። ሰባት ወር ሙሉ ዓረብኛ አልገባኝም ብዬ ድርቅ ብያለሁ። ውሸቴን ነው... የልጃቸውን ካርቱን እያየሁ፣ የማዳምን ስልክ እየሰማሁ በሦስት ወር ለምጄዋለሁ። ግን ዓረብኛ የምትችል ሠራተኛ ሱቅም እሷ፣ በርም እሷ፣ እንግዳም እሷ ናት። ምን አቃጠለኝ?

ማዳም ማንኪያ አንስታ «ደ ሸኑ? ይሄ ምንድነው?» ስትለኝ «ማንኪያ ነዋ!» እላታለሁ፣ በአማርኛ። «አላህ ያብጅሽ» ብላ ትተወኛለች። አባቴ ይህንን በስልክ ስነግረው በሳቅ ይሞት ነበር።

ያን ማክሰኞ የማዳም ስልክ ጮኸ። አውርታ ስትዘጋ አጠገቤ ቁጭ ብላ ለልጇ ለረኒም በዓረብኛ ነገረቻት።

«የደወለችው የአክስቷ ልጅ ናት። የዚች አባት ሞቷል። ዘመዶቿ አርብ ጠዋት መጥተው እስኪነግሯት እንዳትሰማ አለችኝ።»

«መስኪና! አሁን ብንነግራትስ?»

«ሐሙስ እንግዳ አለብን፣ ማን ይሠራልናል? እንዳሉት አርብ ይሁን።»

ሻዩ ከብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። ማዳም ቀና ብላ አየችኝ። እኔም... ሳቅሁ። «ገብቶኛል» ብል ይህን ሁሉ ወር ጓዳቸውን ስሰማ መኖሬ ሊወጣ ነው። ከዚያ ማን ያምነኛል? እንጀራዬስ?

ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት ያልላጥኩበት ሰዓት የለም። ረኒም እንኳ «ዛሬም ሽንኩርት?» አለች። የሐሙስ እንግዶች ወጡን እጅ ያስቆረጥማል እያሉ ጨረሱት።

አርብ ገና ሲነጋ የአክስቴ ልጅ ሰዓዳ ማዮ ከሚባለው ሰፈሯ ትልልቅ ሰዎች ይዛ መጣች። «አይዞሽ እህቴ... አባባ...» ብላ ጮኸች። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ማዳም ሳትቀር አለቀሰች። እኔ ግን... አንዲት ዘለላ እንባ የለም። አልቋል!

ከሰዓዳ ጋር ከመጡት አንዷ፣ እትዬ ፋጡማ፣ ለጎኗ ሴት «ይቺ ልጅ በአባቷም ትቀልዳለች እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ዋጥኩት።

ማዳም ደግሞ ለረኒም በዓረብኛ «አባቷን አትወደውም ነበር መሰለኝ» አለች።

ይሄኛው አልዋጥ አለኝ። ዞር አልኩና በራሷ ዓረብኛ፣ በራሷ ድምፅ...

«ከማክሰኞ ጀምሬ እስከ ትናንት አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ ማዳም። ወጡ ውስጥ ነበር፣ አልቀመሳችሁትም?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሥራዬም አብሮ ቀጥ አለ።

እንዲህ ዓይነቷን ቀልድ የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ነበር... እሱም ሞቶ ነው የተቀለደችው።