ቆሎና የእትዬ ማሚት ጆንያ

ካሰች ያን ሰሞን አንድ ዓይኗ ከድስቷ፣ አንድ ዓይኗ ከቡችላው ነበር። ሽንኩርት እያቁላላች ድንገት ማማሰያዋን ጥላ ትሮጣለች፤ የልጇን የህሊናን ሹሩባ ከመሃል ትታ ትነሳለች። ቡችላው መሬት መሬቱን አሽትቶ ዞር ዞር ካለ አለቀ፣ ሊሸና ነው። ብድግ አድርጋው ወደ ጓሮ።

ባሏ እንድርያስ ራቅ ያለችው ቱም ከተማ አስተማሪ ሆኖ ከተመደበ ወዲህ፣ ሚዛን ተፈሪ በተከራዩዋት አንድ ክፍል ቤት ከልጇ ጋር ብቻዋን ናት። ሌባ አጥር ዘልሎ የተሰጣ ልብሷን ጠራርጎ ከወሰደባት በኋላ፣ ህሊና ኮሽ ባለ ቁጥር እናቷ ቀሚስ ውስጥ መወተፍ ያዘች። እንድርያስ ከአንድ ተማሪ ወላጅ ቡችላ ተቀብሎ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጎ፣ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው ያኔ ነው። ህሊና ቀለሙን አይታ ቆሎ አለችው። ቆሎ እግሯ ሥር መተኛት ከጀመረ ወዲህ ኮሽታውን ሁሉ ረሳችው።

የግቢው ባለቤት እትዬ ማሚት ግን ውሻ አይወዱም። ገና ሲመጣ ለካሰች ቁርጡን ነገሯት፤ ቡናቸው ላይ አንዴ የሸና ለት ከግቢ ይወጣል። ቡናው የዓመት ጉርሳቸው ነው። ከነልጣጩ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ነጋዴው አሕመዲን ደግሞ በእጁ ዝቆ ሳያሸት አይገዛም። ካሰች ነገሩ ስለገባት አልተቀየመችም።

ማስተማር ጀመረች። ጓሮ፣ ከሙዙ ሥር፣ አሮጌ ጆንያ አነጠፈች። ከበላ በኋላ እዚያ ታቆመዋለች፤ ሲሸና ራሱን አሻሽታ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ቤት ውስጥ ቢያመልጠው አትመታውም፤ የተመታ ውሻ ተደብቆ መሽናት ነው የሚማረው ባይ ናት። ህሊናንም ፖፖ ያስለመደቻት እንዲሁ ነበር። ጎረቤቷ ራሔል፣ ለውሻውስ ፖፖ አትገዢለትም ወይ እያለች ሳቀችባት። ካሰች ከቁብም አልቆጠረቻት። ጥቅምት ሲገባ ቆሎ በሩን በአፍንጫው ገፍቶ ራሱ ይወጣ ጀመር። ሮጦ ጆንያው ላይ ይወጣል፣ ይሸናል፣ ቁራሹን ፍለጋ ይመለሳል።

የቡና ለቀማው ሲደርስ አንድ ጠዋት እትዬ ማሚት ዕቃ ቤታቸውን ከፈቱ። ተርትረው አንድ ላይ የሰፏቸውን የቡና ማስጫ ጆንያዎች እያራገፉ ዘረጉ። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ጆንያ ሆነ። ልብስ ታጥብ የነበረችው ካሰች እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቀና አለች። ቆሎ ከቤት ወጥቶ ነበር። እንዲህ ሰፊ ቦታ ስለተዘጋጀለት ደስ ብሎት፣ ጅራቱን እየቆላ መሃሉ ድረስ ሄደና ቁጢጥ አለ። ሲጨርስ ቁራሹን ሊቀበል ወደ እሷ መጣ።

"ምን ብዬሽ ነበር?" አሉ እትዬ ማሚት።

"እትዬ፣ የእሱ ጥፋት አይደለም። ጆንያ ላይ ሽና ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።"

እትዬ ማሚት ከሙዙ ሥር ያለችውን ጆንያ አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

"አሳምረሽ አስተምረሻላ። ቅዳሜ እሸት ቡናው ይመጣል። እስከዚያ ካልተወው ለወፍጮ ቤቱ ዘበኛ እሰጠዋለሁ።"

ካሰች ጆንያውን አጥባ አሰጣች። እንቅልፍም ምግብም የለ። የሙዙን ሥር ጆንያ ብታነሳው፣ ቆሎ ሲያላዝን ቆይቶ የራሔል በር ላይ እግር መጥረጊያ የሆነውን ጆንያ አገኘ። ራሔል ያን ቀን አልሳቀችም። ካሰች ሌላ ዘዴ አሰበች። ጆንያውን መልሳ አንጥፋ የቡና ገለፈት ነሰነሰችበት። ገለፈቱን እየጨመረች ጆንያውን በመቀስ እያሳነሰች ሄደች፤ በመጨረሻ ገለፈት ብቻ ቀረ። በገመድ ይዛው በተዘረጋው ጆንያ አጠገብ ታመላልሰዋለች፤ ለማሽተት ካጎነበሰ አቅፋ ገለፈቱ ላይ። ህሊና ከኋላ ከኋላ እየተከተለች እናቷ ያለችውን ሁሉ ትደግምለታለች።

ቅዳሜ ቀዩ እሸት መጥቶ ተሰጣ። ካሰች ቆሎን ከበሩ መቃን አሰረችው። እትዬ ማሚት በርጩማቸው ላይ፣ ዶሮ ማባረሪያ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ፍቺው።"

ካሰች ሌላ ቀን ይሁን ብላ ለመነች።

"ፍቺው። ታስሮማ ማን ያጠፋል?"

ካሰች በርከክ ብላ ቋጠሮውን ፈታች። ህሊና የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። ቆሎ እሸቱ ዳር ደርሶ አሸተተ። አንድ እግሩን ጆንያው ላይ አኖረ። ካሰች እንዳትጠራው ከንፈሯን ነከሰች። ዞር አለ። ከዚያ እግሩን አነሳና በዳር በዳሩ ግቢውን ዞሮ፣ ከሙዙ ሥር ገለፈቱ ላይ ቁጢጥ አለ።

ሲመለስ ካሰች ቁራሽ አልያዘችም፤ በጭንቀቷ ረስታዋለች። እትዬ ማሚት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ከቋጠሩት ዳቦ ቆርሰው ጣሉለት።

ወዲያው አንዲት ዶሮ እሸቱ ላይ ወጣች። ቆሎም ዳቦውን እንደነከሰ በቡናው መሃል ሰንጥቆ አሳደዳት፤ እሸቱ ተበተነ።

እትዬ ማሚት ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየሰበሰቡ፣ ቀና ሳይሉ፣

"በዳር በዳሩ መሮጥንስ መቼ ነው የምታስተምሪው?" አሏት።