አባ ያመጡት ጊሽጣ

ታናሽ እህቴ ሯጭ ናት፤ እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባትም እናትም የሆኑን አጎታችን ናቸው። ስማዳ ቆላ ውስጥ ቄስ ናቸው፤ እኛ አባ እንላቸዋለን።

እህቴ ለውድድር ባሕር ዳር ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እኔ ቤት ሳለች አባ መጡ። ከጓሯቸው የለቀሙትን ጊሽጣ በነጠላ ጠቅልለው፣ ያንን ሁሉ ኮረኮንች ከወገዳ ጀምሮ መኪና ውስጥ ጭናቸው ላይ አቅፈውት ነበር። አንዱም አልፈረጠም።

"ብዪ እናቴ፣ ጉልበት ይሆንሻል" አሏት።

ሦስቱን እፊታቸው በላች። ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ እሳቸው በመዳፋቸው ይቀበሏታል።

በውድድሩ ሁለተኛ ወጣች። እንደጨረሰች ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሽንት ሰጠች። በሳምንቱ የቡድኑ ሐኪም ሯጮቹን ሰብስቦ ሲያስተምር፣ አንዳንድ ፍራፍሬ በተፈጥሮው የተከለከለ ንጥረ ነገር እንደሚኖረው ነገራቸው። ጊሽጣንም ጠራ።

"እትዬ፣ እውነት ነው እንዴ?" ብላ ደወለችልኝ።

ሳቅኩባት። ኋላ ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ ልብን የሚያፈጥን ነገር ነው። ከሦስት ጊሽጣ ምን ያህሉ ሽንት ውስጥ እንደሚገባ ግን እኔም አላውቅ።

"ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሪው፤ ምንም አትደብቂ" አልኳት።

ነገረችው። መዘገበው፤ ከእንግዲህ ጊሽጣ ይቅርብሽ አላት። ከዚያ ውጤቱን መጠበቅ ሆነ። እህቴ እኔ ዘንድ መጥታ ሰነበተች። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላት።

እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ ለአባ በስልክ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን ከተፍ አሉ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣

"ልጄን በገዛ እጄ መረዝኳት። ዛፏን እቆርጣታለሁ" አሉ።

እህቴ ተነሥታ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

"ዛፏ ምን አጠፋች፣ አባ? እርስዎስ?"

"ከሩጫ ቢያግዱሽስ?"

"ቢያግዱኝም እርስዎ ያጎረሱኝን በልቼ ነው። አላፍርበትም።"

ስንት ቀብር ላይ ሌላውን ሲያጽናኑ ነው የማውቃቸው፤ እንባቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ከእኛ ጋር ሰነበቱ። እሷን ለማስበላት ሲሉ እሳቸውም አብረው ይበሉ ነበር። ጾም ካልሆነ በቀር እምቢ አላሉም።

ውጤቱ የመጣው እሳቸው ቆላ ከተመለሱ በኋላ ነው። ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሙ እንደነገራት ወዲያው ለአባ ደወለች።

"ነጻ ነኝ፣ አባ!"

 ስልኩን ሳይዘጉ እግዚአብሔርን ማመስገን ጀመሩ፤ ግዕዙ ካማርኛው ተቀላቅሎ አጠገቧ ላለሁት ለእኔም ይሰማኛል። ልታቋርጣቸው አልደፈረችም። ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች፣ እስኪጨርሱ ድረስ ቆማ ሰማቻቸው።