በጓሮ የሚገባበት ቤት

ንጋት፣ ቃሊቲ መናኸሪያ

አክስቴ ዘነበች ገና ጎህ ሳይቀድ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች። ወደ ሐዋሳ የምንሄደው የተወለደችበትን ቤት ልታይ ነው። አያቴ ከአብዮቱ በፊት እዚያ ሰፊ የበቆሎ እርሻ ነበራቸው፤ የሚያርሱት ግን ጭሰኞቹ ነበሩ። መሬቱ ሲወረስ አክስቴ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

«ቤቴን መልሱ ልትለን መጣች ብለው ቢያባርሩኝስ?»

«ልትይ ነው እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ! አንዴ ገብቼ ልየው ብዬ ነው እንጂ።»

ረፋድ፣ መቂና ዝዋይ

መቂ ላይ ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ። ዝዋይ ላይ ዓሣ ያንጠለጠሉ እጆች። አክስቴ መንገዱን አላየችውም፤ ስለ ቤቱ ታወራለች። ሰፊው በረንዳ፣ ከባዱ የፊት በር። በዚያ በር የሚገቡት ቤተሰቡና የተከበረ እንግዳ ብቻ ነበሩ። ጭሰኞቹ እህሉንም ቅቤውንም ተሸክመው በጓሮ ነበር የሚመጡት። ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ።

ምሳ ሰዓት፣ ሐዋሳ ፒያሳ

ዓሣ ለብለብ በዳጣ። እኔ ጣቴን ስልስ አክስቴ ሁለቴ ቀምሳ ተወችው። ለዓሣ ሟች ናትና ፍርሃቷ የምር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። የባጃጅ ሹፌሩን የድሮውን የእርሻ ቤት ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የአቶ ቡሪሶ ቤት ነዋ!»

«የአቶ ቡሪሶ» አለች አክስቴ ለራሷ።

ከሰዓት፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዲያ

በቆሎው ቀርቶ ሰፈሩ ሁሉ ብሎኬት ሆኗል። ቤቱ ግን ከነበረንዳው አለ፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግቢው ግን ተጠርጎ ያምራል። አቶ ቡሪሶ ሽበታም፣ የአንድ ጭሰኛ ልጅ ናቸው፤ መሬቱ ከተወረሰ በኋላ ቤቱ ለአባታቸው ተሰጠ። አክስቴ ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ቤቱን ሊጠይቁ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ለማየት ነው።»

እንዳላመኗት ያስታውቃል። ቢሆንም እንግዳ ናትና የፊት በሩን ልክፈት አሉ። በሩ ላይ የበቆሎ ጆንያ ተደግፎበታል።

«አባቴ ቤቱ የራሱ ከሆነ በኋላም በጓሮ ነበር የሚገባው። በዚህ በኩል እግሩ እምቢ አለው። እኛም በዚያው ለመድን።»

ጆንያውን አነሳንላቸው። በጓሮ ዞረው ገቡ፤ መቀርቀሪያው ሲንቋቋ ተሰማን፣ በሩም ተከፈተ። በዚያው መውጣት ሲችሉ እንደገና በጓሮ ዞረው መጡ! አንጀቴን በሉት።

«ይግቡ፣ እትዬ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«እንዴት ተደርጎ! የአባትዎ በር አይደል?»

«በሞቴ፣ አቶ ቡሪሶ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ኮፍያቸውን አውልቀው ደፉን ተሻገሩ። አክስቴ ግን አልተከተለቻቸውም። ነጠላዋን አስተካክላ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳም ተጣራች።

«ቤቶች!»

ከውስጥ የአቶ ቡሪሶ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ቤት ለእንግዳ!»